ከሽርሽር መርከብ ወርዶ ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ ምን ያስፈልጋል?

ባሕርን ከመርከብ ሰገነት ላይ ሆኖ መመልከት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከማዕበሉ በታች ሌላ ዓለም መኖሩን የሰማ መንገደኛ፣ ወርጄ ልየው ማለቱ አይቀርም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሁለት ፈረንሳውያን፣ የባሕር ኃይል መኰንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን፣ ጠላቂው በጀርባው ከተሸከመው የአየር ሲሊንደር የሚያስፈልገውን ያህል እንዲተነፍስ የሚያደርግ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ይህ ምኞት ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የተተወ መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ ስኩባ በሚባለው በዚህ ዘዴ ተማሪውም፣ የቢሮ ጸሐፊውም፣ ነጋዴውም ይጠልቃል።

እርስዎም አንድ ቀን፣ በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ጋብዞዎት ወይም ከደመወዝዎ ቈጥበው፣ ከማያሚ ተነሥቶ የካሪብያንን ደሴቶች በሚዞር መርከብ ይሳፈሩ ይሆናል። ለዚያን ጊዜ የሚጠቅምዎትን ከአሁኑ ልናጫውትዎ ወደድን። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከመርከብ ወርዶ የሚጠልቅ ሰው ሁለት ሰዓቶችን አስቀድሞ መቍጠር አለበት። አንደኛው መርከቡ ከወደብ የሚነሣበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ወደ ቤት የሚመለስበት አውሮፕላን የሚነሣበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን የሳተ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል፤ ሁለተኛውን የሳተ ግን ጤናውን፣ አልፎ አልፎም ሕይወቱን ያጣል።

የኮዙሜል ደሴት

ለምሳሌ ኮዙሜልን እንውሰድ። ይህች የሜክሲኮ ደሴት ከዩካታን ምድር በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ስትሆን፣ የሽርሽር መርከቦችም ጠላቂዎችም የሚጐርፉባት ናት። በደቡብ ምዕራብ ዳርቻዋ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በረጅም ዘመን የገነቡት የድንጋይ አጥር አለ። ይህም ከሜክሲኮ እስከ ሆንዱራስ የሚዘረጋውና በትልቅነቱ ከአውስትራሊያው ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ የሆነው ታላቅ አጥር ክፍል ነው። የሜክሲኮ መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ከልሎታል። ስለዚህ ጠላቂው የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ ጓንት ማድረግና ቢላዋ መያዝ ክልክል ነው፤ ኮራሉንም መንካት አይገባም።

ፓላንካርና ሳንታ ሮሳ በሚባሉት ስፍራዎች የውኃው ፍሰት ራሱ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ጀልባዋ ከላይ ሆና ትከተላለች፤ ጠላቂውም በወንዝ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅጠል በዓሣዎቹ መካከል ያልፋል። ይህን የሚያስደንቅ ጕዞ እንዴት አድርጎ መዋዋል ይቻላል?

ከመርከቡ መግዛት ወይስ በራስ መዋዋል?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ጕብኝቱን ከመርከቡ ኩባንያ መግዛት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጀልባውም ብዙ ሰው ስለሚጭን ጀማሪውና የለመደው አብረው ይሄዳሉ። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ጀልባዋ ብትዘገይ አብዛኞቹ ኩባንያዎች እንጠብቃለን፣ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ወደብ እናደርሳለን ብለው ቃል ይገባሉ።

ሁለተኛው በደሴቲቱ ካለ የጠላቂዎች ድርጅት ጋር፣ ከቤት ሳይነሡ አስቀድሞ ተጻጽፎ መዋዋል ነው። በዚህ መንገድ ጥቂት ሰው በሚጭን ጀልባ ሄደው፣ የመረጡትን ስፍራ፣ ብዙ ጊዜም በአነሰ ዋጋ ያያሉ። ነገር ግን ቢዘገዩ መርከቡ አይጠብቅዎትም። ስለዚህ ሲዋዋሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ጀልባዋ ከየትኛው የመርከብ ማቆሚያ እንደምትነሣ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመልስዎ፣ መርከቡ በማዕበል ምክንያት ወደቡን ቢያልፍ ቀብዱ ይመለስ እንደ ሆነ። ሁልጊዜም የጠዋቱን ጕዞ ይምረጡ። ሁለት ጊዜ መጥለቅ ከጀልባ ጕዞው ጋር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላው ደግሞ ለመዘግየት መጠባበቂያ ይሁንልዎ።

የማን ሰዓት ነው?

እኛ ቀጠሮ ስንይዝ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለን መጠየቅ ስለ ለመድን ይህ አያስቸግረንም። ኮዙሜል ያለችበት ክፍለ ሀገር በ2015 ዓ.ም. የሰዓት አቈጣጠሩን ለወጠ፤ በበጋም ሰዓቱን አያዛውርም። በማያሚ ግን በበጋ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይደረጋል። ስለዚህ በነዚያ ወራት በማያሚ ሰዓት የሚሄድ መርከብ ከደሴቲቱ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። መርከቡ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ የደሴቲቱን ሰዓት አይተው «ገና 10 ነው፣ አንድ ሰዓት አለኝ» ሲሉ መርከቡ ገመዱን እየፈታ ነው። ከመውረድዎ በፊት ሰዓትዎን ከመርከቡ ሰዓት ጋር ያስተካክሉ። የመመለሻው ሰዓት ከመነሻው ሰዓት እንደሚቀድምም አይርሱ።

ሁለተኛው ሰዓት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 ያህሉ ናይትሮጅን ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በባሕሩ ፊት ካለው ሁለት እጥፍ፣ በ20 ሜትር ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው። በዚህ ግፊት የተነሣ ናይትሮጅኑ ቀስ በቀስ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ያስታውሱ፤ እንደ ተከደነ ሳለ አረፋ አይታይበትም፤ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን ይገነፍላል። ሰውም ከጥልቅ ቦታ በፍጥነት ቢወጣ በሰውነቱ ውስጥ እንዲሁ አረፋ ይፈጠራል። መገጣጠሚያውን ያመዋል፣ ይደነዝዛል፤ ሲብስም ሽባ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በፍየሎች ላይ መርምሮ፣ ቀስ በቀስ የመውጣትን ሥርዐት በ1908 ዓ.ም. አሳተመ።

ጠላቂው በሥርዐት ቢወጣም የተረፈው ናይትሮጅን ከሰውነቱ እስኪወጣ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት ጋር እኩል እስኪሆን ሊቀንስ ይችላል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከባሕር ወጥቶ አውሮፕላን መሳፈር ጠርሙሱን እንደ መክፈት ነው። በጅቡቲ ጠልቆ በዚያው ቀን በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰውም ከዚህ አደጋ አያመልጥም። የባለሙያዎች ምክር፣ አንድ ጊዜ የጠለቀ ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቈይ የሚል ነው። ሙሉ ቀን መጠበቅ ደግሞ የበለጠ ነው።

እንግዲህ ያስሉት። በጕዞው የመጨረሻ ወደብ ሁለት ጊዜ ጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከውኃ ቢወጡ፣ በማግስቱ ማያሚ ደርሰው ጠዋት በ3 ሰዓት ቢበሩ፣ ያረፉት 17 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ሲገዙ ወይ በረራውን ያዘግዩ፣ ወይ የመጨረሻውን ወደብ ለመዋኘትና ለገበያ ይተዉት።

ከመነሣትዎ በፊት

የመጥለቅን ትምህርት አስቀድመው ይጨርሱ፤ ብዙ ቀን ስለሚወስድ በአንድ ቀን የወደብ ቆይታ አይሞላም። የመጀመሪያውን ምስክር ወረቀት የያዘ እስከ 18 ሜትር ይወርዳል። ምስክር ወረቀት የሌለው ከአስተማሪ ጋር ሆኖ እስከ 12 ሜትር ሊሞክር ይችላል። በጀልባዋ ላይ የጤና መጠይቅ ይሰጥዎታል። አስም ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ ያለ ሐኪም ፊርማ አያስገቡዎትም፤ ፊርማውንም ወደቡ ላይ አያገኙትም። የጕዞ ዋስትናዎ የጠላቂን ሕክምና ይሸፍን እንደ ሆነ ይመርምሩ። ቪዛዎ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ለመግባት የሚያገለግል መሆኑንም ያረጋግጡ። በዋዜማው ምሽት መጠጥ ይተዉ፤ ጉንፋን ከያዘዎትም ጆሮዎን ስለሚጎዳ መጥለቁን ለሌላ ጊዜ ያቈዩት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚበዛ ቢመስልም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በቤት ሳሉ በአንዲት ወረቀት ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። የመርከቡን መነሻና የአውሮፕላኑን መነሻ ይጻፉ፤ ከሁለቱም ወደ ኋላ ይቍጠሩ፤ በመካከሉ በተረፈው ጊዜ ያለ ሥጋት ይጥለቁ።