ለቁንጥንጥ የረጅም ርቀት ፈረስ የልጓም ብረት ወይስ ሃካሞር?

በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የቴቪስ ዋንጫ፣ 100 ማይል (160 ኪሎ ሜትር ያህል) በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጋለብበት ውድድር ነው። ብዙ ፈረሶች ማለዳ ላይ በአንድነት ሲነሡ፣ መንጋን ተከትሎ መሮጥ የፈረስ ተፈጥሮ በመሆኑ ቁንጥንጡ ፈረስ ከጋላቢው ፈቃድ ውጭ መፈትለክ ይሻል። ለዚህ በተደጋጋሚ የሚሰጠው መልስ ይበልጥ ኃይለኛ የልጓም ብረት መምረጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ዋናው መመዘኛ መሣሪያው የሚያሳድረው ጫና መጠን ሳይሆን ጫናው የሚነሣበት ፍጥነት ሊሆን እንደሚገባ ያስረዳል።

የልጓም ብረት የሚያርፈው በፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶች መካከል ባለው ጥርስ አልባ ክፍተት ነው። በዚህ ስፍራ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጠርዙ ቀጭን ሲሆን፣ የሚሸፍነውም ስስ ሥጋ ብቻ ነው። ዛቡ በብረቱ ዳር ካለው ቀለበት ጋር የሚያያዝበት ስናፍል የተባለው ዓይነት የእጅን ጉልበት ሳያባዛ ያስተላልፋል። ከብረቱ በላይና በታች የተዘረጋ ክንድ ያለው ከርብ ግን እንደ ሊቨር ይሠራል።

ሃካሞር ወደ አፍ የሚገባ ብረት ስለሌለው ለስላሳ እንደሆነ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሳይድፑል የሚባለው ዛቡ ከአፍንጫ ማሰሪያው ግራና ቀኝ የሚያያዝበት ሲሆን ጉልበትን አያባዛም። ሜካኒካል ሃካሞር ግን የብረት ክንዶችና በአገጭ ሥር የሚያልፍ ሰንሰለት አለው። ክንዱ ከአፍንጫ ማሰሪያው በላይ 5፣ በታች 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ዛቡ በ20 ኒውተን ቢሳብ፣ ሰበቃን ሳይጨምር በሰንሰለቱ ላይ 60፣ በአፍንጫው ላይ ደግሞ የሁለቱ ድምር የሆነ 80 ኒውተን ያህል ያርፋል። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ፣ ማሰሪያው ከአጥንቱ ወርዶ ለስላሳው ክፍል ላይ ካረፈ አየሩን ያጠብበታል።

ፈረስ ለዛብ መታዘዝን የሚማረው ትክክለኛ ምላሽ በሰጠበት ቅጽበት ጫናው ሲነሣለት ነው። ያለማቋረጥ የሚሳብ ዛብ ይህን ምልክት ያጠፋዋል። ፈረሱ ጫናውን ይለምደዋል፤ ወይም ከሕመሙ ለማምለጥ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ፍጥነቱን ይጨምራል። ጋላቢው ይህን «ብረቱ አልበቃውም» ብሎ ከተረጎመው ችግሩ ይባባሳል። ዋጋውም የሚከፈለው በሕክምና ምርመራ ጣቢያ ነው። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በውድድር ለማለፍ የተለመደው ወሰን ደግሞ 64 ነው። በድንጋጤና በሕመም የተረበሸ ፈረስ የልብ ምቱ ቶሎ አይወርድም፤ ምቱ በተወሰነለት ጊዜ ካልወረደም ከውድድሩ ይሰናበታል።

ስለዚህ ምርጫው በቅደም ተከተል ቢከናወን ይመረጣል። በመጀመሪያ የፈረሱ ጥርስ፣ አፍና ጀርባ ይመርመሩ፤ ቁንጥንጥነት የሚመስለው ሕመም ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ ፈረሱ በታጠረ ሜዳ፣ ከዚያም ከጥቂት ፈረሶች ጋር ሶምሶማ እየሄደ ሲሳብ መቆሙ፣ በአንድ ዛብም መታጠፉ ይፈተን። ይህን ሳይማር ሃካሞር አጥልቆ በገደል አፋፍ መጓዝ ለጋላቢውም ለፈረሱም አደገኛ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ፈረሱ መሣሪያውን እንዳደረገ ያለችግር መብላቱና መጠጣቱ ይታይ፤ በላብ የሚያጣውን ፈሳሽ በመንገድ ላይ መተካት አለበትና። በመጨረሻም ማሰሪያው ወይም ሰንሰለቱ የሚነካው ቆዳ እንዳይላጥ በየጣቢያው መታየት አለበት።

ከመነሻው ሁካታ እስኪወጣ ድረስ በስናፍል፣ ፈረሱ ሲረጋጋ ደግሞ በሃካሞር መጋለብም አንድ አማራጭ ነው። በሁለቱም ሁኔታ የምርጫውን ትክክለኛነት የሚያሳየው ፈረሱ ዛቡ ላልቶለት በራሱ እርምጃ የሚጓዝበት ጊዜ እየረዘመ መሄዱ ነው። ይህ ጊዜ እያጠረ ከሄደ መታየት ያለበት ሥልጠናው እንጂ የብረቱ ክብደት አይደለም።