የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ምን ይለካል?

ከየካ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ ገና ሳይነጋ ለመውጣት አስበን ከአንድ ሱቅ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ገዛን። ባለሱቁ መለኪያውን ቢያስነካቸው እያንዳንዳቸው 1.4 ቮልት አሳዩ። አዲስ ድንጋይ 1.5 ገደማ ስለሚያሳይ፣ ጉድለቱ ጥቂት መስሎን ሒሳቡን ከፈልን። ነገር ግን ዳገቱን ሳናጋምስ አምፑሉ እንደ ፍም ቀላ። ባለሱቁ አልዋሸም፤ መለኪያውም አልተሳሳተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልቲሜትር ከድንጋዩ የሚወስደው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚነግረን ድንጋዩ ሥራ ሳይዝ ያለውን ኀይል ብቻ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ፣ ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. ከሠራው ሴል የመጣ ነው፤ ቆርቆሮው ዚንክ፣ ውስጡ ከካርቦን ዱቄት ጋር የተለወሰ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ፣ መካከሉም የካርቦን ዘንግ ነው። ሲሠራ ዚንኩ ይሟሟል፣ ማንጋኒዙም ይለወጣል፤ እያደርም የኮረንቲው መተላለፊያ ይጠብባል። ይህንን ጥበት የውስጥ ተቃውሞ እንለዋለን።

አለካኩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ድንጋዩን ባዶውን እንለካለን። ቀጥሎ የ5 ኦም ተቃውሞ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል አገናኝተን ወዲያው እንደገና እንለካለን። ለምሳሌ ቮልቱ ከ1.40 ወደ 1.00 ቢወርድ፣ በ5 ኦሙ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ 0.2 አምፔር ነው፤ የጐደለው 0.40 ቮልት እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ቀርቷል። 0.40ን ለ0.2 ብናካፍል የውስጥ ተቃውሞው 2 ኦም ይሆናል። ድንጋዩን ከተቃውሞው ጋር እንደ ተገናኘ ትተን ይህንኑ በየግማሽ ሰዓቱ ብንደግም አደካከሙን በወረቀት ላይ በመሥመር ማየት እንችላለን።

ስንጀምር በተቃውሞው ፈንታ የባትሪውን አምፑል አስገብተን ነበር። የአምፑል ክር ሲግል ተቃውሞው ስለሚጨምር ስሌታችን ሁሉ ተበላሸ። (ስሕተቱን መምህራችን ሳይነግሩን ራሳችን ስላገኘነው ጥቂት ኰርተናል።) የመለኪያው ሽቦዎችም የድንጋዩን ጫፎች ራሳቸውን መንካት አለባቸው፤ አለዚያ የማገናኛው ሽቦ ተቃውሞ አብሮ ይቈጠራል። ደግሞም ድንጋይ ካረፈ በኋላ ቮልቱ መልሶ ከፍ ይላል፤ ማታ የከዳን ባትሪ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚያበራው ስለዚህ ነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ብርዱ የውስጥ ተቃውሞውን ስለሚጨምር ድንጋዩን በኪስ አሙቆ መያዝ ይጠቅማል። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በብርዱ ማሳበብ አይገባም፤ እነዚያኑ ድንጋዮች በማግሥቱ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ በ5 ኦሙ ብንፈትናቸው የአንደኛው ቮልት ወዲያው ወረደ። ሁለተኛው ደኅና ነበር። ነገር ግን በባትሪው ውስጥ ተከታትለው ስለሚቆሙ በሁለቱም የሚያልፈው ኮረንቲ አንድ ነው፤ የደከመው ደኅናውንም ያግደዋል።

ጨለማ ሳይገፍ እንጨት ፍለጋ እንጦጦ የሚወጡ እናቶች ድንጋይ የሚገዙት እኛ እንደ ገዛነው ነው። ስለዚህ ተቃውሞዋን ይዘን ወደ ባለሱቁ ተመለስን። ከመለኪያው ጫፎች ጋር አስረንለት ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እያነሣ ፈተነ፤ ሁለቱን ለብቻ አስቀመጠና፣ «እነዚህስ ለግድግዳ ሰዓት ይበቃሉ» አለን። እውነቱን ነው፤ ሰዓት የሚፈልገው ኮረንቲ በጣም ጥቂት ነው።