እግረኛ የበዛበት ሀገር፣ ለመኪና የተሠራ መንገድ

የተሽከርካሪ ቁጥር በጨመረ መጠን በመንገድ ላይ የሚሞተው ሰው ቁጥርም መጨመሩ አይቀርም የሚለው አስተሳሰብ፣ በብዙ ሀገሮች ባለሥልጣናትም ሆኑ ተራ ዜጎች ሳይመረምሩ የተቀበሉት ነው። ለዚህ አስተሳሰብ የሳይንስ መልክ ከሰጡት አንዱ ሬዩበን ስሚድ የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት የ20 ሀገሮችን አኃዝ አመሳክሮ፣ የአንድ ሀገር የሕዝብና የተሽከርካሪ ብዛት ከታወቀ በዓመት በመንገድ አደጋ የሚሞትባትን ሰው ቁጥር በግርድፉ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በስሌቱ መሠረት ተሽከርካሪ ሲበዛ ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሚደርሰው ሞት ይቀንሳል፤ የሟቾች ጠቅላላ ቁጥር ግን ማደጉን አያቆምም። ስሌቱ ለዘመኑ የሠራ ቢሆንም የኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ታሪክ አፍርሶታል፤ የፈረሰውም በአጋጣሚ ሳይሆን አንዳንድ ሀገሮች ሞቱን አንቀበልም ብለው ስለተነሡ ነው።

ከእነዚህ ሀገሮች ጃፓን በተለይ ልትጠና ይገባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢኮኖሚዋ ሲመነጠቅ መኪና በየቤቱ ገባ፤ መንገዱ ግን ጠባብና የእግረኛ መተላለፊያ የሌለው እንደነበረ ቀረ፤ በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ ዓመት ብቻ 16,765 ሰዎች ሞቱባት። ሕዝቡ ሁኔታውን የትራፊክ ጦርነት እስከማለት ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ሀገሪቱ የትራፊክ ደህንነት መሠረታዊ ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ማዕከላዊው መንግሥትና የአካባቢ አስተዳደሮች ሊለካ የሚችል ግብ ያለው የአምስት ዓመት ዕቅድ እያወጡ እንዲሠሩ አስገደደ። የእግረኛ መንገዶችና የትራፊክ መብራቶች በብዛት ተሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የሟቾች ቁጥር ወደ 8,466 ወረደ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የተሽከርካሪው ቁጥር እያደገ ነበር። ይሁንና በ1980ዎቹ ቁጥሩ እንደገና አሻቅቦ እ.ኤ.አ. በ1992 ከ11 ሺህ አለፈ፤ ሁለተኛው ረጅም ቁልቁለት የጀመረው ከዚያ በኋላ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 የተመዘገበው ሞት 2,678 ነው። አንድ ጊዜ የተገኘ ውጤት ጥረቱ ሲላላ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ስዊድን ደግሞ የጥያቄውን መሠረት ለወጠች። የሀገሪቱ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 የዜሮ ራዕይ የተባለውን ፖሊሲ ሲያጸድቅ፣ ሰው ምንጊዜም ይሳሳታል፣ ስለዚህ መንገዱ ስህተቱ በሞት እንዳይደመደም ተደርጎ መሠራት አለበት የሚል መርሕ ተቀበለ። ከዚያ በፊት ኃላፊነቱ በሙሉ በአሽከርካሪውና በእግረኛው ላይ ተጥሎ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱን የነደፈው መሐንዲስና ፍጥነቱን የወሰነው ባለሥልጣንም ተጠያቂ ሆኑ። በተግባር ከታዩት ለውጦች ትልቁ ውጤት የተገኘው ሁለት ሲደመር አንድ በሚባለው መንገድ ነው፤ ይህም ሦስት መስመር ያለው፣ መቅደሚያው መስመር በየተወሰነ ርቀት ለአንዱ ከዚያም ለሌላው አቅጣጫ የሚሰጥ፣ ተቃራኒ አቅጣጫዎቹም በብረት ገመድ ማገጃ የተለዩበት መንገድ ሲሆን፣ ፊት ለፊት መጋጨትን ከሞላ ጎደል አስቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን 541 ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተው ነበር፤ በ2019 ግን ቁጥሩ 221 ነበር።

ሀብትና ቴክኖሎጂ ብቻቸውን ይህን ውጤት እንደማያመጡ የዩናይትድ ስቴትስ ሁኔታ ያሳያል። በዚያች ሀገር የመንገድ ሞት እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 32,479 ወርዶ ከቆየ በኋላ በ2021 ከ43 ሺህ በላይ ሆነ። የእግረኞች ሞት በተለይ እ.ኤ.አ. በ2009 ከነበረበት 4,109 ተነሥቶ በ2022 ከ7,500 አልፏል። ከፍ ያለና ከባድ ፊት ያላቸው መኪኖች መብዛታቸው፣ በከተማ ዳር የሚያልፉ ሰፋፊና ፈጣን መንገዶች በቂ ማቋረጫና መብራት የሌላቸው መሆኑ፣ አሽከርካሪውም በስልክ መጠመዱ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፤ ከእግረኞቹ አብዛኛዎቹ የሚሞቱትም በጨለማ ነው። በታክሲና በጭነት ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በእነዚሁ መንገዶች ላይ ውለው የሚያድሩ በመሆናቸው ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የእነዚህ ሀገሮች ልምድ በብዙ መንገድ ቢለያይም ሁሉም ተመልሰው የሚገናኙት በፍጥነት ላይ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የተሸከመው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 30 ከሚሄደው ይልቅ አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ይመጣል ማለት ነው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ባለው አንድ ሰከንድ ውስጥ በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 14 ሜትር ያህል፣ በ80 የሚሄደው ደግሞ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ልጅ ዘሎ በገባበት መንገድ ላይ ጎበዝ የሚባለው አሽከርካሪም ቢሆን ጉብዝናውን የሚያሳይበት ርቀት አይኖረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት አንድ በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ የመድረስ ዕድል አራት በመቶ ይጨምራል። በ30 ኪሎ ሜትር የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋል፤ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ ግን የመሞቱ ዕድል ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ሰፈር ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ምልክት ከመትከል ይልቅ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ጠበብ ያለ መስመርና ከፍ ብሎ የተሠራ ማቋረጫ የበለጠ ይሠራሉ፤ ምክንያቱም አሽከርካሪው ወደደም ጠላም ይታዘዛቸዋል።

ኢትዮጵያ ከዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት መካከል የሚመደብ የተሽከርካሪ ቁጥር ያላት ሀገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ ሚሊዮን ለሚበልጠው ሕዝቧ የተመዘገቡት ተሽከርካሪዎች 708 ሺህ ያህል ነበሩ። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች አብዛኛው ሰው የሚንቀሳቀሰው በእግሩ ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ታክሲ የሚሳፈረውም ቢሆን ጉዞውን የሚጀምረውና የሚጨርሰው በእግሩ ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ እግረኞች መሆናቸው የሚያስደነግጥ ቢሆንም የሚያስገርም ግን አይደለም፤ መንገዱ ለዘመናት የተሠራው የብዙኃኑን መንገደኛ ሳይሆን የጥቂቶቹን መኪና ፍሰት አስቦ ነውና።

የአዲስ አበባው የቀለበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰፈሮችን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ይህ መንገድ ለመኪና ፍጥነት እንዲያመች ተደርጎ ሲሠራ፣ እግረኛው በየተወሰነ ርቀት በተተከሉ የመሸጋገሪያ ድልድዮች ብቻ እንዲያቋርጥ ተፈረደበት። ሸክም የያዘች እናት፣ ጉልበቱ የደከመ አዛውንት ወይም በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ፊት ለፊቱ ወደሚታየው ቤቱ ለመድረስ ርቆ ተጉዞ፣ ደረጃ ወጥቶና ወርዶ እንዲመለስ ይጠበቅበታል። ማካፈያውን ዘሎ የሚያቋርጠው ሰው በየሪፖርቱ ሕግ ጣሽ ተብሎ ይወቀሳል፤ ይሁንና ብዙ ሰው በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ የሚያደርገው ነገር ማቋረጫው የት ሊሠራ ይገባው እንደነበር የሚያመለክት ማስረጃ እንጂ የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአንጻሩ በለገሃር መገናኛ ላይ በቀለምና በቀላል ማገጃ የእግረኛው ማቋረጫ እንዲያጥርና የመኪናው መታጠፊያ እንዲጠብብ መደረጉ፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣም መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2030 የሚዘልቅ የመንገድ ደህንነት ስትራቴጂ አውጥታ፣ የአልኮል ትንፋሽ ምርመራን በመንገድ ላይ አስጀምራለች፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገድ ለሰው የተባለው ከተሽከርካሪ ነጻ ቀንም ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት አስፋልቱ የማን እንደሆነ ሕዝቡ እንዲያስብ አድርጓል። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ትልቅ እርምጃ ናቸው፤ ውጤታቸው የሚለካው ግን እግረኛው በመንገዱ ዳር በመሄዱ ብቻ ሳይሆን መንገዱን በደህና በማቋረጡም ጭምር ነው።

ከከተማ ውጭ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የገጠር ከተሞች አብዛኛዎቹ በአውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩ ናቸው፤ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን ነባር መንገድ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያው አስፋልት በአንድ ጊዜ ዓለም አቀፍ የጭነት መስመር፣ ገበያ፣ የጋሪና የባጃጅ ማቆሚያ፣ የተማሪዎች መመላለሻና የከብት መንጃ ሆኖ ያገለግላል። የጭነት መኪናው በአውራ ጎዳና ፍጥነቱ ወደ ከተማው ሲገባ ዝግ እንዲል የሚያስገድደው ነገር ከሌለ አደጋው የጊዜ ጉዳይ ይሆናል። እንደ ዓባይ በረሃ ባሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለቶች ደግሞ የፍሬን መጋልና ከመጠን በላይ መጫን፣ በሕዝብ ማመላለሻ ላይም ብዙ ምልልስ ሠርቶ የዕለት ገቢ ለመሙላት የሚደረገው ጥድፊያና የሌሊት ጉዞ ይጨመራሉ። አሽከርካሪው የሚከፈለው በምልልስ ብዛት ከሆነ ስለ ጥንቃቄ የሚሰጠው ምክር ከኪሱ ጋር ይጣላበታል፤ ስለዚህ የክፍያው ሥርዓት ራሱ የመንገድ ደህንነት ጉዳይ ነው። የመቀመጫ ቀበቶ የፊት ተሳፋሪን የሞት ዕድል በግማሽ ያህል፣ የራስ ቁር ደግሞ የሞተር ሳይክል ነጂን የሞት ዕድል በ40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ የተረጋገጠ በመሆኑ ሁለቱን ማስከበር ብዙ ክርክር የሚያሻው ነገር አይደለም።

አዲስ ጉዳይም እየመጣ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በርክተዋል። እነዚህ መኪኖች ለአየር ንጽሕና የሚበጁ ቢሆንም ከባድ፣ ፈጥነው የሚነሡ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ድምፅ የለሽ ናቸው፤ አውሮፓ በአዳዲሶቹ ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲገጠም ያስገደደችው ለዚህ ነው። የመኪና መምጣቱን በጆሮው የሚለይ ዓይነ ስውርና መንገድ ላይ የሚጫወት ሕፃን በሚበዙባቸው የኢትዮጵያ ሰፈሮች ይህ ግዴታ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል።

አደጋ ከደረሰ በኋላ ያለው ሰዓትም የሕይወት ሰዓት ነው፤ ደም የሚፈሰው ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ባለው ጊዜ ብዙ ነገር ይወሰናል። በ2000 ዓ.ም. በወጣው፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 በተተካው ሕግ እያንዳንዱ ባለ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሆን ዋስትና፣ እንዲገባ ተገድዷል፤ ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ለጎዳውም የመድን ፈንድ ይደርስለታል። ይህን መብት የማያውቀው ተጎጂ ብዙ በመሆኑ የቤተሰቡ ጥሪት በሕክምና ወጪ ያልቃል፤ ሕጉን በየሰፈሩና በየሆስፒታሉ በር ማሳወቅ ርካሽና አስቸኳይ ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሀገሪቱ ሟቾቿን በትክክል መቁጠር ይኖርባታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ላይ ኢትዮጵያ ያሳወቀችው የአንድ ዓመት ሞት 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ ለ2016 የገመተው ግን 27,326 ነው፤ ይህም ከመቶ ሺህ ሰው 26.7 መሆኑ ነው። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ የሆነው አንድ ሰው ሆን ብሎ ስለደበቀ አይደለም። ፖሊስ የሚመዘግበው በደረሰበት ስፍራ ያየውን ነው፤ ቆስሎ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያረፈው ሰው ብዙ ጊዜ በፖሊሱ መዝገብ እንደ ከባድ ቁስለኛ ይቀራል፤ በገጠር ተገጭቶ ቤተሰቡ በሽምግልና ስለታረቀ ሳይመዘገብ የተቀበረም አለ። በዓለም አቀፍ ልማድ አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሁሉ የመንገድ ሟች ተብሎ ይቆጠራል፤ ከላይ የተጠቀሰው የጃፓን አኃዝ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ የሞቱትን ብቻ የያዘ በመሆኑ በዚህ መለኪያ ቢቆጠር ከፍ ይላል። ግምቱም በበኩሉ የሞት ምዝገባቸው ላልተሟላ ሀገሮች በሂሳብ ቀመር የተሠራ ስለሆነ ከቆጠራ ጋር እኩል ሊታይ አይገባም፤ በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

የዓለም ሀገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የመንገድ ሞትን ቢያንስ በግማሽ ለመቀነስ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተስማምተዋል። የ2021 የዓለም የመንገድ ሞት 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ሲሆን ይህ ከ2010 ጋር ሲነጻጸር አምስት በመቶ ያህል የቀነሰ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ክልል ግን ሞቱ በዚያው ጊዜ 17 በመቶ ጨምሯል። በ2016ቱ አኃዝ ለምሳሌ ቢሰላ፣ ኢትዮጵያ ካሳወቀችው ቁጥር ግማሹ 2,176፣ ከግምቱ ደግሞ ግማሹ 13,663 ነው። የፖሊስ፣ የሆስፒታልና የወሳኝ ኩነት መዝገቦች ተገናኝተው አንድ ሟች አንድ ጊዜ፣ ሳይዘለልም ሳይደገምም እስካልተቆጠረ ድረስ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት በየሪፖርቱ የሚወጣው ቁጥር ቢወርድ እንኳ የቀነሰው ሞቱ ይሁን ምዝገባው ለይቶ ማወቅ አይቻልም።