«ብራውዘርዎ ተቀባይነት የለውም» ሲባል ጥፋቱ የማን ነው?

በምዝገባ ሰሞን በመኝታ ቤታችን የሆነውን ነገር አስቀድሜ ላጫውታችሁ። አንድ ጓደኛችን ከታላቅ ወንድሙ የተረከበው አሮጌ ላፕቶፕ አለው። ዊንዶውስ ቢከብደው ጊዜ ቀላል ሊነክስ ጭኖበት ትምህርቱን ሁሉ በዚያ ይሠራል። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የመመዝገቢያውን ገጽ ቢከፍት «ብራውዘርዎ ተቀባይነት የለውም» የሚል ቃል ብቻ ወጣለት። አንዱ «ይህን ቆርቆሮ ጣለው» አለ፤ ሌላው «ሊነክስ ድሮም መጫወቻ ነው» ሲል ፈረደ። ባለቤቱ ግን ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውምና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ይህ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ችግር ስለ ሆነ፥ ምክንያቱን በዝርዝር መመልከት ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀላል የሚባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፥ ማለት እንደ ፑፒ ሊነክስ፥ አንቲኤክስና አልፓይን ያሉት፥ ምንጫቸው ለሁሉ የተከፈተ፥ ዋጋም የማይጠየቅባቸው ናቸው። አቅሙ አነስተኛ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠሩ ተብለው በቁጠባ ተዘጋጅተዋል። ይሁን እንጂ ሲስተሙ ቢቀልም ድሩ አልቀለለም። ዳም ስሞል ሊነክስ የተባለው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብራውዘሩን ጨምሮ በ50 ሜጋባይት ውስጥ ይጠቃለል ነበር። በ2024 እንደገና ሲወጣ ግን ወሰኑ አንድ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ሆነ። እንግዲህ የትንሹ ማሽን ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሆኖም «አይሠራም» የሚለው አንድ ቃል ብዙ በሽታዎችን ይሸፍናል። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፥ እኛም ማሽኑን ከመጣላችን በፊት በሽታውን ለይተን ልናውቅ ይገባል።

አንደኛው በሽታ የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ነው። ጉግል ለ32 ቢት ሊነክስ የሚሆን ክሮም ማውጣቱን በ2016 አቆመ። ሞዚላም ፋየርፎክስ 144 ለዚሁ ዓይነት ሲስተም የመጨረሻው መሆኑን በ2025 አስታወቀ። ከዚህም ሌላ ፋየርፎክስ በሊነክስ ላይ ከ2017 ጀምሮ ከፔንቲየም 4 የቀደሙትን ፕሮሰሰሮች ትቷል፤ ክሮምም ከ2021 ወዲህ ኤስኤስኢ3 የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ የማያውቅ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ምልክቱ ብራውዘሩ እንደ ተከፈተ ወዲያው መዘጋቱ ነው፤ በተርሚናል ቢያስነሡት «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ይላል። ለዚህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት የለውም። የቆየ ሥሪት ፈልጎ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን የደኅንነት ማሻሻያ የተቋረጠበትን ብራውዘር ለባንክም ሆነ ለምስጢር ቃል መጠቀም አደጋ መሆኑን ማንም አይዘንጋ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ሳለ 32 ቢት ሲስተም የጫነም ብዙ ሰው አለ፤ እርሱ ሲስተሙን ቢለውጥ ይድናል።

ሁለተኛው የላይብረሪ አለመስማማት ነው። ፕሮግራሞች የጋራ ሥራቸውን የሚያሠሩበት ሲ ላይብረሪ የሚባል መሠረት አለ። አብዛኞቹ ሊነክሶች ግሊብሲ በተባለው ሲጠቀሙ፥ አልፓይን ግን ለቅለቱ ሲል መስል የተባለውን መርጧል። ለአንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዲሁ አይሠራም። ምልክቱም አስገራሚ ነው፤ ፋይሉ ዓይናችን እያየው ሲስተሙ «አልተገኘም» ይላል። ያጣው ግን ፋይሉን ሳይሆን ፋይሉ የሚፈልገውን መሠረት ነው። ጥበቃ የተደረገባቸውን ፊልሞች የሚከፍተው የጉግል ዋይድቫይንም በአልፓይን ላይ እንቢ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ የሲስተሙ አዘጋጆች ራሳቸው ያሰናዱትን ብራውዘር መጫን፥ ወይም የዲስክ ቦታ ካለ የሚያስፈልገውን ላይብረሪ ይዞ የሚመጣውን ፍላትፓክ መጠቀም ነው።

ሦስተኛው የብራውዘሩ ሞተር ነው። ኔትሰርፍና ዲሎ የተባሉት ትናንሽ ብራውዘሮች በጥቂት ሜሞሪ ይሠራሉ። ነገር ግን ዲሎ ጃቫስክሪፕት ጨርሶ አይሠራም፤ የኔትሰርፍም ችሎታ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ገጹ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም ቁልፉ ቢጫኑት አይመልስም። ዛሬ ዓለሙን የያዙት የጉግል ብሊንክ፥ የሞዚላ ጌኮና የአፕል ዌብኪት ናቸው። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ተወ፤ ማይክሮሶፍትም በ2020 ኤጅን በክሮምየም ላይ አቆመ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ገጽ ሠሪዎች ሥራቸውን በአንዱ ሞተር ብቻ ሞክረው «አለቀ» ይላሉ። እንግዲህ ትንሹን ብራውዘር ለንባብ፥ ትልቁን ለቅጽ መሙያ አድርጎ ሁለቱንም መያዝ ብልህነት ነው።

አራተኛው እውነተኛ በሽታ ሳይሆን የስም ማጣት ነው። ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ የራሱንና የሲስተሙን ስም ያስታውቃል፤ ይህም ዩዘር ኤጀንት ይባላል። አንዳንድ ገጽ፥ እንግዳውን በልብሱ አይቶ እንደሚመልስ ዘበኛ፥ ችሎታውን ሳይጠይቅ በስሙ ብቻ ይመልሰዋል። ይህ ልማድ አሮጌ ነው፤ ክሮም እንኳ እስከ ዛሬ ራሱን ሲያስታውቅ «ሞዚላ» ብሎ የሚጀምረው በ1990ዎቹ የነበሩት ዘበኞች ባስለመዱት ምክንያት ነው። ምልክቱ ገጹ ሳይሞከር የእንቢታ ቃል መውጣቱ ነው። ስሙን በሚለውጥ ተጨማሪ መሣሪያ ሞክሮ ገጹ በደኅና ከሠራ፥ ጥፋቱ የዘበኛው እንጂ የእንግዳው አልነበረም ማለት ነው።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አሮጌ ማሽን የሰዓት ባትሪው ሲሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ብራውዘሩ የገጾቹን የምስክር ወረቀት «ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ሁሉንም ይዘጋል። ቀኑን ማስተካከልና አንዲት ክብ ባትሪ መለወጥ ይበቃዋል። ሁለተኛው፥ ቀላል ሲስተሞች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ብዙ ፎንት ስለማይዙ አማርኛው አራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ ይታያል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው መልኩ ብቻ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነጻ ፎንት መጫን ይበቃል።

የጓደኛችን በሽታ የትኛው ነበር? አራተኛው ነበር። ስሙን ብንለውጥለት ገጹ ያለ አንዳች እንከን ተከፈተ፤ ከመሸም ቢሆን ተመዘገበ። ነገር ግን ጎረቤቱ ነገሩን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በአንዲት የእንቢታ መሥመር ምክንያት ምዝገባው ባለፈው ነበር።

ስለዚህ የመጨረሻ ቃሌ ኮምፒዩተር ለምታጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ነው። ነገ የመመዝገቢያውንና የማመልከቻውን ገጽ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ስም አትጠይቁ፤ የምትፈልጉት ችሎታ መኖሩን ጠይቁ። ስምና ቁጥር የሚሞላበት ተራ ቅጽ ያለ ጃቫስክሪፕት ሊሠራ እንደሚችል አትርሱ። ሥራችሁንም ከማስረከባችሁ በፊት በመኝታ ቤታችሁ ካሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአሮጌው ላይ ሞክሩት። በዚያ ላይ ከሠራ በሁሉም ላይ ሊሠራ ይችላል፤ በዚያ ላይ ካልሠራ ግን በር የሚዘጋው ገንዘብ በሌለው ተማሪ ላይ መሆኑን እወቁ።