ኢንተርኔትን ከሐዋሳ ወደ ገጠር የሚያሻግረው ታወር

ከሐዋሳ ወጥቶ ወደ አለታ ወንዶ ወይም ወደ ሁላ ደጋ የሚጓዝ ሰው በየኮረብታው ላይ ታወር ያያል። «ኔትወርክ ነው» ብሎም ያልፋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ብረቱ ላይ የተሰቀሉት ዕቃዎች ሥራቸው ለየቅል ነው። ረዘም ያሉት ጠፍጣፋ አንቴናዎች ከስልካችን ጋር ይነጋገራሉ። ከበሮ የመሰለው ነጭ ዕቃ ደግሞ ማይክሮዌቭ ይባላል፤ ፊቱን ያዞረው ወደ ሌላ ታወር ነው።

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር የሚመጣውን የኢንተርኔት ገመድ የምታገኘው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ፋይበር የሚባለው ገመድ ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ በመሬት ውስጥ፣ አንዳንድ ቦታም በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመሮች አናት ላይ ተዘርግቶ ትላልቅ ከተሞች ይደርሳል። ሐዋሳን የመሰለ ከተማ ከዚህ ይጠቀማል። ፋይበር ያልገባበት ቀበሌ ግን ተስፋው ማይክሮዌቩ ነው።

ማይክሮዌቭ የሚሠራው ሁለቱ ታወሮች ፊት ለፊት ሲተያዩ ብቻ ነው። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ወደ ምሥራቅ ሁላና አርቤጎና ሲወጡ ምድሩ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። መሃል ላይ ጋራ ከገባ ሌላ መቀባበያ ታወር ያስፈልጋል። ያደገ ባሕር ዛፍም መስመሩን ይጋርዳል። በዚህ ላይ በአንዲት ማይክሮዌቭ በኩል የሚያልፈው የብዙ ቀበሌ ዳታ ነው። ስልኩ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ቪዲዮ አልከፍት የሚለው ለዚህ ነው፤ በስልኩ ላይ የምናየው ምልክት እስከ ታወሩ ያለውን እንጂ ከታወሩ ጀርባ ያለውን መንገድ አይናገርም። ብዙ ሰው ስልኩን ሲወቅስ የሚውለው ይህን ባለማወቅ ነው።

መንግሥት ወረዳዎችን በኢንተርኔት ለማገናኘት የሞከረው ቀደም ብሎ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ወረዳ ኔት ለብዙ ወረዳዎች ያመጣው ግንኙነት በሳተላይት ዲሽ ነበር። ሳተላይቱ ያለው ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ለደብዳቤ ምንም አይደል፤ ለቪዲዮ ስብሰባ ግን ያስቸግራል። ያም ሆኖ ያኔ ለሩቅ ወረዳ ከዚያ የተሻለ አማራጭ አልነበረም።

ሌላው ጉዳይ መብራት ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ታወሩ የሚሠራው በሶላርና በባትሪ፣ አለዚያም በናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ክረምት ላይ ደመናው ሲሰነብት ባትሪው አይሞላም፤ መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ ናፍጣ የጫነው መኪና አይደርስም። ያን ጊዜ ታወሩ ዝም ይላል፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣው ባለጉዳይም «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል።

ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሳፋሪኮምም በይፋ ሥራ ጀምሯል። ውድድሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ታወር ቢተክሉ የሩቁ ቀበሌ ምንም አያገኝም። ያለውን ታወር ተጋርተው ሁለተኛውን ምንም ወደሌለበት ይውሰዱት፤ ወረዳ ከተማ የደረሰውም ፋይበር አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ላይ ሳይቆም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱና እስከ ጤና ጣቢያው ይዘርጋ። የወረዳ ምክር ቤት አባላትም በጀት ሲያጸድቁ ይህን ይጠይቁ።