ባሕር፣ ማዕድና ቅርስ፦ በሜዲትራኒያን የዕረፍት መዳረሻ ምርጫ ወሳኙ መለያ የቱ ነው?

በሜዲትራኒያን ዳርቻ ዕረፍቱን ለማሳለፍ ያሰበ ተጓዥ ምን እንደሚሻ ሲጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አይወጣም፦ ለመዋኘት የሚመች የባሕር ዳርቻ፣ ጥሩ ምግብ፣ እንዲሁም የሚጎበኝ ባህልና ቅርስ። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተጓዡ ከስፔን እስከ ቆጵሮስ፣ ከክሮኤሽያ እስከ ቱኒዚያ ከተዘረጉት መዳረሻዎች የትኛውን እንደሚመርጥ አያመለክትም። ሦስቱም በሁሉም ዘንድ ይገኛሉና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ተፈላጊ የሆነ መለያ ሁሉ ወሳኝ እንዳልሆነ በሁለት ደሴቶች፣ በሲሲሊና በቀርጤስ፣ ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ተፈላጊነትና ወሳኝነት

የሸማቾችን አመለካከት ያጠኑት ጄምስ ማየርስና ማርክ አልፐርት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ለይተዋል። አንድ መለያ ምንም ያህል ተፈላጊ ቢሆን፣ በአማራጮች መካከል ልዩነት ካልፈጠረ ምርጫውን አይወስንም። ለምሳሌ የአውሮፕላን ተሳፋሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ደኅንነትን ነው፤ ሁሉም አየር መንገዶች እኩል አስተማማኝ ናቸው ብሎ ካመነ ግን ትኬት የሚቆርጠው በዋጋቸው ወይም በበረራ ሰዓታቸው አመዛዝኖ ነው። ኡምና ክሮምፕተን በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1990 የመዳረሻ ምርጫን በደረጃ የሚከናወን ሂደት አድርገው አቅርበውታል፦ ተጓዡ ከሚያውቃቸው ብዙ ቦታዎች ጥቂቶቹን ለይቶ ያስባል፤ ከጥቂቶቹም አንዱን ይመርጣል። በዚህ ሂደት ውስጥ መስሕብ ብቻ ሳይሆን እንቅፋትም ድርሻ አለው።

ምግብን ብንወስድ፣ ዩኔስኮ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ባለቤቶቹ ስፔን፣ ግሪክ፣ ጣሊያንና ሞሮኮ ነበሩ፤ በ2013 ቆጵሮስ፣ ክሮኤሽያና ፖርቱጋል ተጨመሩ። ፖርቱጋል በሜዲትራኒያን ላይ ዳርቻ የሌላት አገር ናት። የወይራ ዘይቱ፣ አትክልቱና ጥራጥሬው እንዲህ ሰፊ የጋራ ሀብት ከሆነ፣ “ጥሩ ምግብ” የሚለው መመዘኛ ብቻውን አንዱን አገር ከሌላው ሊለይ አይችልም።

የሦስቱ መስሕቦች ርቀት

ልዩነት የሚታየው ሦስቱ መስሕቦች መኖራቸው ሲጠየቅ ሳይሆን እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ሲለካ ነው። ቀርጤስ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝም ደሴት ስትሆን ባቡር የላትም። የጥንቱ የክኖሶስ ቤተ መንግሥት ከሄራክሊዮን ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በነጭና በሐምራዊ አሸዋው የታወቀው ኤላፎኒሲ ግን በደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኝ በመሆኑ ከሄራክሊዮን ሦስት ሰዓት ያህል የመኪና ጉዞ ይጠይቃል። ሁለቱን በፎቶግራፍ አይቶ ደሴቲቱን የመረጠ፣ መኪና የማይነዳ ተጓዥ፣ ከዕረፍቱ ብዙውን በመንገድ ላይ ሊያሳልፍ ይችላል።

በሲሲሊ ሰሜናዊ ዳርቻ ደግሞ ቼፋሉ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከፓሌርሞ በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1131 ያስጀመረው ካቴድራል፣ አሮጌው ሰፈር ከነምግብ ቤቶቹ፣ እንዲሁም አሸዋማው ዳርቻ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ይህ ማለት ሲሲሊ ከቀርጤስ ትበልጣለች ማለት አይደለም፤ በቀርጤስም ሬቲምኖ አሮጌ ከተማዋንና ረጅም የአሸዋ ዳርቻዋን ጎን ለጎን ይዛለች፤ ከሄራክሊዮንም በአውቶቡስ ይደረስባታል። እንግዲህ ትክክለኛው የንጽጽር አሃድ ደሴቲቱ ሳትሆን ተጓዡ የሚያድርባት ከተማ ናት።

ወቅትና ማዕድ

ሁለተኛው ወሳኝ መለያ ወቅት ነው። በሲሲሊ፣ በሲራኩሳ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2021 የተመዘገበው 48.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት የአውሮፓ ከፍተኛው ሙቀት ሆኖ ጸድቋል። እንዲህ ያለው ቀን ብርቅ ቢሆንም፣ በሐምሌና በነሐሴ የቀትር ፀሐይ የጥንት ፍርስራሽ መጎብኘት አድካሚ ነው። ባሕር ቀስ ብሎ የሚሞቅ፣ ቀስ ብሎም የሚቀዘቅዝ በመሆኑ በመስከረም ውኃው ገና ሞቃት ሲሆን የጎብኚው ብዛትም ይቀንሳል። ዕረፍቱ ከክረምቱ ወራት ጋር ብቻ የሚገጥምለት የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ ስለዚህ ለእርሱ ወሳኙ ጥላ፣ ነፋስና የማለዳ ጉብኝት የሚገኝበት ቦታ ነው።

ማዕድም ለተወሰነ ተጓዥ ወሳኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፍልሰታን የሚጾም ኢትዮጵያዊ በነሐሴ መጀመሪያ ቀርጤስ ቢገኝ፣ የግሪክ ኦርቶዶክሳውያንም እስከ ነሐሴ 14 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የዚያኑ ጾም ላይ ናቸውና በወይራ ዘይት የበሰለ አትክልትና ጥራጥሬ በቀላሉ ያገኛል። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ኦክቶፐስና ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት ለጾም ስለሚፈቀዱ፣ “የጾም ነው” መባሉ ብቻ አይበቃም።

የመግቢያ ፈቃድ

ሦስተኛው ከመስሕብ ውጭ የሆነው እንቅፋት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያ ዜጎች የሼንገን ቪዛ መደበኛ የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ከፍ ብሏል። ማመልከቻው የሚቀርበው ዋና መዳረሻ ለሆነው አገር ስለሆነም፣ ጣሊያንን ወይስ ግሪክን የሚለው ጥያቄ ከጉዞው ብቻ ሳይሆን ከማመልከቻውም አስቀድሞ መቋጨት ይኖርበታል። በዚህ ሁኔታ የቀን መቁጠሪያው ከባሕሩ ውበት ይልቅ ምርጫውን ያጠብባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ለተጓዡም ለተመራማሪውም የሚጠቅም አንድ ነጥብ ይገኛል። “የባሕር ዳርቻ ለእርስዎ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?” ብሎ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ተፈላጊነትን ይለካል እንጂ ምርጫን አይተነብይም። “በሚያስቧቸው መዳረሻዎች መካከል በዚህ ረገድ ምን ያህል ልዩነት ያያሉ?” የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ሊከተለው ይገባል። ሁለቱንም ፈተና ያለፈ መለያ ብቻ ወሳኝ ሊባል ይችላል። ተጓዡም ባሕር፣ ማዕድና ቅርስ ያለበትን ቦታ ከመፈለግ ይልቅ፣ በእጁ ባለው ጊዜና አቅም ሦስቱን በአንድ ቀን ሊያዳርስ የሚችልበትን ቦታ ቢፈልግ ምርጫው ይቀልለታል።