የምርምር ገንዘብ ለማን ይሰጥ?

የምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ብሔራዊ የማሽላ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ይገኛል። ተመራማሪ ማሳ ከመውረዱ በፊት ግን በፕሮፖዛሉ ገምጋሚዎችን ማሳመን አለበት።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ነገሩ በጥሪ ይጀምራል። የምርምር ዳይሬክቶሬቱ የዓመቱን የትኩረት መስኮችና የገንዘቡን ጣሪያ ያሳውቃል፤ መምህራን ተቧድነው ይጽፋሉ፤ ትምህርት ክፍሉ ካጣራ በኋላ ፕሮፖዛሉ ለገምጋሚዎች ይላካል። ጸሐፊውና ገምጋሚው እንዳይተዋወቁ ስም ይሸፈናል። አንድን ዘርፍ ያጠኑ ሰዎች በጣት በሚቆጠሩበት አገር ግን ይህ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ የተመረጠው ወረዳና አጻጻፉ ባለቤቱን ያሳብቁበታል። ወጪው ቢከብድም ከሌላ ተቋም ገምጋሚ መጋበዝ ይሻላል።

አንድ ቡድን በዚያው በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሚኤሶ ቆላ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሊያጠና ተነሣ እንበል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ድርቅንና ይህንኑ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። ስለዚህ የገምጋሚው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከእሳቸው ሥራ በኋላ ሳይታወቅ የቀረው ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል። ቀጥሎ ዘዴውን ይመረምራል፦ ሙከራው በስንት ማሳ፣ በስንት ድግግሞሽ ይካሄዳል? ከገበሬው የራሱ ዝርያ ጋር ይወዳደራል? በጀቱን ሲያይ አበል፣ ነዳጅና የላብራቶሪ ኬሚካል ከሥራው ጋር መመጣጠናቸውን ይለካል። አበሉ ከምርምሩ ገዝፎ ከታየ ፕሮፖዛሉ እዚያው ይወድቃል፤ መውደቅም ይገባዋል።

እኔ ብገመግም ግን አስቀድሜ የማየው የጊዜ ሰሌዳውን ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። በምዕራብ ሐረርጌ በሚያዝያ የተዘራ ማሽላ ያን ጊዜ ገና ማሳ ላይ ነው፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ የተፈቀደ ገንዘብ ደግሞ የሚመጣው የዘር ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የግዥውን ሥርዓት አልፎ እጅ እስኪገባም ይበልጥ ይዘገያል። ይህን ያላገናዘበ ፕሮፖዛል የቱንም ያህል ነጥብ ቢያገኝ መሬት ላይ አይሠራም፤ ገምጋሚውም ይህን ካላየ ሥራውን አልሠራም።

ነጥብ አሰጣጡ ራሱ ጥያቄ ይነሣበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት 43 ገምጋሚዎች 25 የጤና ምርምር ማመልከቻዎችን ገምግመው ነበር፤ ለተመሳሳይ ማመልከቻ የሰጡት ነጥብ እርስ በርሱ አልተስማማም። የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤትማ በ2013 እ.ኤ.አ. በአንድ የድጋፍ ዘርፉ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል አሸናፊውን በዕጣ መለየት ጀመረ። ዕጣ አድልዎን ይቀንሳል፤ ለወደቀው ጀማሪ መምህር ግን ምን እንደጎደለው አይነግረውም። ለእኛ የሚበጀን ፕሮፖዛሉ በጉባኤ ፊት ቀርቦ የሚደረገው ውይይት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ ገምጋሚውም ምክንያቱን ለመናገር ይገደዳል።

ለምርምር ዳይሬክቶሬቶቻችን ሁለት ነገር ላሳስብ። ለወደቀ ፕሮፖዛል ሁሉ የገምጋሚውን አስተያየት በጽሑፍ መልሱ። ስለ ማሽላ በምትወያዩበት ጉባኤም ከሚኤሶ ወይም ከገለምሶ ገበሬ ጋብዙ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን ጠያቂ ሆኖ ይቀመጥ።